ሰደፍ የሌለው ሌንስ

ትናንት የአባዬን ሌንስ ሸጥኩት። 9,500 ብር። የገዛኝ ልጅ ብሩን በቴሌብር ላከ፣ ስልኬ ጢን አለ፣ ሌንሱን በሻሽ ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተና ሄደ። አለቀ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ይኸው ተነስቼ እጽፋለሁ።

ከመነሻው ልጀምር። አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በደርግ ጊዜ ሶቭየት ኅብረት ተልከው ከተማሩት አንዱ ነው። ኪየቭ ተምሮ በ1978 ዓ.ም. ተመለሰ። አብረውት ከተመለሱት ማቀዝቀዣ ያመጣ አለ፣ ቴሌቪዥን ያመጣ አለ። እሱ ከተማሪ አበሉ ያጠራቀመውን ሁሉ አንድ የብረት ሳጥን ገዝቶበት መጣ። እማዬ እስከ ዛሬ ይሄን ስታነሳ ራሷን ትነቀንቃለች። ያኔ ገና እጮኛው ነበረች፣ ኤርፖርት ማቀዝቀዣ ስትጠብቅ ሳጥን መጣላት።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው ፎቶስናይፐር ይባላል። ስሙ ሁሉንም ይናገራል። ዜኒት ካሜራ አለ፣ ከፊቱ ታይር የሚባል 300 ሚሊሜትር ቴሌ ሌንስ ይገጠማል፣ ከስር ደግሞ የጠመንጃ ዓይነት ሰደፍና ቃታ አለው። ትከሻህ ላይ ታስደግፍና ታልማለህ። ቃታውን ስትስብ ቀጭ ይላል። ነገሩ ቀልድ አይደለም፣ ሌንሱ ብቻውን አንድ ኪሎ ተኩል ያልፋል፣ እንደዚህ ዓይነት ረጅም ሌንስ ደግሞ የሩቁን ሲያቀርብ የእጅህን መንቀጥቀጥም አብሮ ስለሚያጎላው፣ ስታንድ ተሸክሞ ወፍ ማባረር ለማይፈልግ ሰው ትከሻ ላይ የሚያርፍ ነገር ትልቅ ዘዴ ነበር። ሐሳቡ የመጣው ከጦርነት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሶቭየት ቃኚዎች እንዲህ ያለ ባለ ሰደፍ ካሜራ ነበራቸው። በኋላ ሲቪል ሆነና የአዳኝና የወፍ ወዳጅ ዕቃ ሆኖ ቀረ።

አባዬ ሥራው ከዱር እንስሳት ጋር ነበር። አብዛኛውን ጊዜ አብያታና ሻላ ነው የሚያሳልፈው። ሻላ ላይ ደሴቶች አሉ፣ ነጫጭ ፔሊካኖች እዚያ ጎጆ ይሠሩና ዓሣ ፍለጋ ወደ አብያታ ይበራሉ። ሻላ ጥልቅ ነው፣ ለእነሱ የሚሆን ዓሣ እምብዛም የለውም፣ አብያታ ደግሞ ያኔ ዓሣ ሞልቶት ነበር። ይሄን እሱ ነው የነገረኝ። በዚያ ሌንስ ያነሳቸው ፔሊካኖችና ፍላሚንጎዎች ዛሬም አልበም ውስጥ አሉ፣ ጥቁርና ነጭ፣ አንዳንዶቹ ጫፋቸው ቢጫ ሆኗል። ከኋላቸው ያለው ውሃ አሁን ብትሄድ ደረቅ መሬት ነው። የሶዳ አሽ ፋብሪካውና መስኖው ሐይቁን ምን እንዳደረጉት ሄዶ ያየ ያውቀዋል። ተውኩት፣ ይሄ ሌላ ቀን የሚጻፍ ንዴት ነው።

እና ግንቦት 1983 መጣ።

አባዬ መስክ ላይ ነበር፣ መንገድ ተዘግቶበት መመለስ አልቻለም። እማዬ እኔንና እህቴን ይዛ ብቻዋን ናት። ከተማው ተይዟል፣ መሣሪያ ያለው ያስረክብ ይባላል፣ ቤት ለቤት ይፈተሻል። እሷ ቁም ሳጥኑን ከፈተች፣ የብረት ሳጥኑን አወጣች፣ ውስጡ ሰደፍ አለ። ቃታ አለ። «የፎቶ ነው ብዬ ለማን ላስረዳ?» ትላለች። ካሜራውን ማንም ካሜራ ነው ብሎ ያየዋል ብላ ተወችው። ሰደፉን በነጠላ ጠቅልላ፣ ጎረቤታችንን አስነስታ፣ በሌሊት ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ ጨመሩት። ሳጥኑንም የጥይት ሳጥን ይመስላል ብለው ጨመሩት። ሰፈራችን ውስጥ በዚያ ሳምንት ስንት ነገር ጉድጓድ እንደገባ እግዜር ይወቀው።

ሌንሱስ? «እሱ ፔርሙዝ ይመስላል» አለች። እውነቷን ነው፣ ረጅም፣ ጥቁር፣ ክዳን ያለው። ኩሽና ወስዳ ከሻይ ፔርሙዞቹ ጋር ደረደረችው። ፈታሾቹ መጡ፣ አዩ፣ ሄዱ።

አባዬ ሲመለስ ምን እንዳለ አላውቅም። እሷን ስጠይቃት «ሳቀ» ትላለች። እሱ በሕይወት እያለ ስጠይቀው «ምን ትበል?» ብሎ ዝም ነበር የሚለው። ካሜራውን በኋላ በችግር ጊዜ ራሱ ሸጠው። ሌንሱ ግን ቁም ሳጥን ውስጥ ከክረምት ክረምት ተቀመጠ።

አሁን ለምን ሸጥኩት? የቤት ኪራይ ጨመረብኝ። የሚያምር ምክንያት ቢኖረኝ ጥሩ ነበር፣ የለኝም።

መጀመሪያ የወሰድኩት አንድ ካሜራ ጠጋኝ ጋ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ፒያሳ የሠሩ ሰው ናቸው፣ በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ወደ ሌላ ሰፈር ገብተዋል፣ ሳፈላልጋቸው ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ሌንሱን ሲያዩ ፈገግ አሉ። መጀመሪያ ያነበቡት ቁጥሩን ነው። «84 ብሎ ይጀምራል። በፈረንጅ 1984 የተሠራ ነው» አሉኝ። የሩሲያ ሌንሶች ብዙ ጊዜ የቁጥራቸው የመጀመሪያ ሁለት አሃዞች ዓመቱን ይናገራሉ። ከዚያ ጎኑ ላይ ያለችውን ምልክት አሳዩኝ፣ ብርሃን የሚያልፍባት ፕሪዝም፣ ከሞስኮ ወጣ ብሎ ያለው የክራስኖጎርስክ ፋብሪካ ምልክት ናት። አርባ ዓመት ገደማ ቤታችን የኖረች ምልክት ናት፣ ያን ቀን ገና አየኋት።

ቀጥሎ የእጅ ባትሪ አበሩና ከኋላ በኩል በሰያፍ ለቀቁበት። «ና እይ።» አየሁ። ጠርዙ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር አለ። ሻጋታ። ጨለማ፣ እርጥበት፣ ጨርቅ፣ እኛ ሦስቱንም ሰጥተነዋል። ባትሪ ሳታበራ በዓይንህ ብቻ ካየኸው ንጹህ ነው የምትለው። ፎከሱን ሲያዞሩት ደግሞ አልዞር አለ። ውስጡ ያለው የዱሮ ግራሶ ደርቆ ሙጫ ሆኗል። የአፐርቸሩን፣ የብርሃን ማስገቢያውን፣ ክንፎች ከፍተው ዘግተው ዘይት እንዳልነካቸው አዩ፣ እነሱ ደህና ናቸው።

«ጋሼ፣ ይጠረጋል?» አልኳቸው።

«የውስጡ መስታወት ሦስት ብቻ ነው፣ እንደ ዘመኑ ሌንስ ውስብስብ አይደለም። ሻጋታው የመስታወቱን ሽፋን ካልበላው ይጠረጋል። ከበላው ግን ጠባሳው ይቀራል። ለሚገዛህ ሰው አትደብቅ፣ ባትሪ ያለው ሁሉ ያየዋል።» ከዚያ ዝም ብለው ትንሽ አገላበጡትና «ሰደፉስ?» አሉኝ።

ታሪኩን ነገርኳቸው። ሳቃቸው ሳል ሆነባቸው።

ግራሶውን ቀየሩልኝ፣ ጠርዙን የሚቻለውን ያህል ጠረጉት፣ ትንሽ ጠባሳ ቀረ። ስለ ዋጋው ስጠይቃቸው ግን «እዚህ አገር ዋጋ የለውም፣ የሚፈልገው ሰው ከተገኘ ያ ሰው የሚከፍለው ነው ዋጋው» አሉ። ያን ቀን አልገባኝም ነበር።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ የአክስቴ ልጅ አለ። ኢቤይ ላይ፣ እነሱ ዕቃ የሚሻሻጡበት የኢንተርኔት ገበያ ላይ፣ ዋጋውን እይልኝ አልኩት። መጀመሪያ የላከልኝን ስክሪንሾት ሳይ ቀልቤ ተገፈፈ፣ 300 ዶላር፣ 350 ዶላር። ኪራይ የሦስት ወር ከፈልኩ ብዬ አሰብኩ። እሱ ግን ብልጥ ነው፣ ቆይቶ ደወለና «ይሄ የሚጠይቁት ነው፣ መጠየቅ ነፃ ነው። የተሸጡትን ብቻ ለይቼ ልይልህ» አለኝ። የተሸጡት ሌላ ነገር ናቸው። ሌንሱ ብቻውን፣ እንደኛው ጠባሳ ያለው፣ ያየናቸው ከ60 እስከ 90 ዶላር ነው የሄዱት። ሙሉው፣ ከነሰደፉ፣ ከነካሜራው፣ ከነብረት ሳጥኑ ሲሆን ግን ሁለት እጥፍም ሦስት እጥፍም ሄዷል። አየህ፣ ሰው የሚገዛው ያንን ጠመንጃ መምሰሉን ነው። እማዬ የፈራችውን ነገር። ለእሷ ሞት ያመጣል ተብሎ የተጣለው ክፍል ነው ሰብሳቢው የሚከፍልበት።

አስልቼዋለሁ፣ አልዋሽም። ጉድጓዱ ውስጥ 100 ዶላር ገደማ ተቀብሯል። ቦታው ላይ አሁን ኮንዶሚኒየም ቆሟል።

ሌላም የሚያስቅ ስሌት አለ። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ይመራ ከመባሉ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ያኔ የ80 ዶላር ዕቃ 4,500 ብር አካባቢ ማለት ነው። አሁን ያው 80 ዶላር ከ10,000 ብር ያልፋል። ሌንሱ ቁም ሳጥን ውስጥ ሻጋታ እያበቀለ ዋጋው ከእጥፍ በላይ አደገ። የኔ ደመወዝ ይሄን ዘዴ አያውቅም።

አሜሪካ በሚሄድ ሰው ልላከው ብዬ ነበር። አንድ ኪሎ ተኩል ከሰው ሻንጣ ላይ መለመን፣ ኤርፖርት ላይ ይሄ ምንድነው መባል፣ የመላኪያው፣ የኢቤይ ድርሻ፣ የአክስቴ ልጅ ድካም። ተውኩት። ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩት፣ ስድስት ፎቶ፣ አንዱ ከነጠባሳው ባትሪ አብርቼ። 14,000 ብር ብዬ።

ኧረ ጉድ ነው የሰው ጥያቄ። «ቴሌስኮፕ ነው?» «ጨረቃ ያሳያል?» «ከሳምሰንግ ጋር ይሠራል?» «መጨረሻውን ንገረኝ» ይላል ገና ሰላም ሳይለኝ። አንዱ 1,500 ብር አለና ዝም ስለው «ሩሲያ እኮ ነው» ብሎ ተቆጣኝ። አንዷ ለሰርግ ቪዲዮ ፈልጋ ለኒከን ይሆናል ወይ አለች፣ እሱን ጠጋኙ አስረድተውኝ ስለነበር በቀጥታ ነገርኳት። የዚህ ሌንስ ካሜራው ላይ የሚጠመዘዝበት ጥርስ 42 ሚሊሜትር ነው፣ ካኖን ላይ በተራ አዳፕተር ይገባል፣ የዱሮው ባለ መስታወት ኒከን ላይ ግን ሌንሱ ከፊልሙ የሚርቀው ትንሽ ስለሚበዛ ሩቅ ያለውን ፎከስ አያደርግም፣ አዳፕተሩ ውስጥ ተጨማሪ ሌንስ ካልኖረ በቀር። አመሰገነችኝና ጠፋች። እውነት ተናግሮ ገዢ ማባረር እንዲህ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ይሄ ልጅ ጻፈ። መጀመሪያ የጠየቀው ዋጋ አልነበረም። «ወንድሜ፣ ባትሪ ያበራህበትን ፎቶ በሌላ ማዕዘን ታነሳልኛለህ?» አለ። ልቤ እዚያው ሸጠለት።

ቱሪስቶችን ወፍ የሚያሳይ ልጅ ነው። ሶኒ ካሜራና አዳፕተር ይዞ ቤት መጣ፣ በረንዳ ላይ ወጣን። ፊት ለፊት ያለው ሕንፃ ጣሪያ ላይ፣ ሮቶው አናት፣ ጭልፊት ተቀምጣለች። ልጁ ትንፋሹን ያዘ። ከስር ያለውን ፎከስ በቀስታ አዞረ፣ አነሳ፣ አፐርቸሩን ወደ 8 ዘጋና ደግሞ አነሳ። ካሜራው ላይ አሳየኝ። በ4.5፣ ሙሉ ተከፍቶ፣ የተነሳው ለስለስ ያለ ነው፣ የክንፏ ጠርዝ ላይ ሐምራዊ ነገር አለ። በ8 የተነሳው ላይ ግን ላባዋ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ዓይኗ ውስጥ ሰማዩ ይታያል። ልጁ ሌንሱ ከእሱ በዕድሜ እንደሚበልጥ ስነግረው በግራ እጁ ከስር ደገፍ አደረገው፣ እንደ ሕፃን።

7,000 አለ። ኪራዩን አሰብኩና 11,000 አልኩ። ጠባሳውን አነሳ። ጭልፊቷን አነሳሁ። 9,500 ላይ ተጨባበጥን። ሲወጣ «ሰደፉ ግን የለም አይደል?» አለኝ፣ ለመነጋገር ያህል። የለም አልኩት። ታሪኩን አልነገርኩትም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ምናልባት ከነታሪኩ ከሆነ 9,500 አይበቃም ብዬ ይሆናል።

ማታ እማዬ ጋ ሄድኩ። ሸጥኩት አልኳት።

«ፔርሙዙን?»

«አዎ።»

ዝም አለች። ቡናዋን ጨረሰች። ከዚያ ተነሳችና ዳዊቷን ይዛ መጣች፣ ከመካከሉ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። «ይሄ የሱ አይደል?»

ዘረጋሁት። ሩሲያኛ ነው። የፋብሪካው ፓስፖርት ነው፣ ሶቭየቶች ለእያንዳንዱ ዕቃ የሚሰጡት። የካሜራው ቁጥር በእጅ ተጽፏል፣ የሌንሱም፣ 84 ብሎ ይጀምራል፣ ከስር የተቆጣጣሪው ማህተም አለ። ሳጥኑ ጉድጓድ ሲገባ ይሄን ለይታ ነው ያወጣችው።

«እማዬ፣ ሰደፉን ጥለሽ ይሄን አስቀመጥሽ?»

«ማህተም ያለበት ወረቀት ይጣላል እንዴ?»

ፎቶ አንስቼ ለልጁ ላኩለት። ሁለት ደቂቃ አልሞላም፣ «ወንድሜ!! ይሄማ ከሱ ጋር መሆን ነበረበት። ስንት ልጨምር?» ብሎ መለሰ። ለእማዬ አነበብኩላት።

ወረቀቱን ከእጄ ወሰደች፣ በነበረው እጥፋት መልሳ አጠፈችውና ዳዊቷ ውስጥ ከተተችው። «ልጁን ሌንሱ ይበቃዋል በለው» አለች።