ስፐርም የማይሰማው ሆርሞን

ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልወጣ ያለ ነገር አለ። ስፐርም ያለ ቴስቶስትሮን፣ ማለትም ያለ ዋናው የወንድ ሆርሞን፣ አይመረትም። ስፐርም የሚሆኑት ሴሎች ግን ራሳቸው የቴስቶስትሮን ተቀባይ (የሆርሞኑን መልእክት የሚይዝ ፕሮቲን) የላቸውም። ሆርሞኑ ዙሪያቸውን ሞልቶ እነሱ አይሰሙትም። የሚሰማላቸው ጎናቸው ያለው ሌላ ሴል ነው።

የምሠራው ላብራቶሪ ነው። የዘር ፈሳሽ ናሙና በማይክሮስኮፕ አያለሁ፣ እቆጥራለሁ፣ ውጤቱን እጽፋለሁ። ስለዚህ ነገሩ ለኔ የመጽሐፍ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ያ ሌላው ሴል ሰርቶሊ ይባላል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1865 ከገለጸው ወጣት ጣሊያናዊ ከኤንሪኮ ሰርቶሊ ነው። ቴስቶስትሮንም ሆነ አንጎል ሥር ካለው ፒቱታሪ ዕጢ የሚመጣው ኤፍኤስኤች የተባለ ሆርሞን መልእክታቸውን የሚያደርሱት ለሱ ነው። እሱ ደግሞ በራሱ ኬሚካሎች ለታዳጊዎቹ ሴሎች ያስተላልፋል። ላክቴት የተባለ ኃይል ሰጪ ምግብ እያዘጋጀ ይመግባቸዋል፣ የሞቱትን ይውጣል። ሥራው በደንብ ሲሄድ ኢንሂቢን የተባለ ሆርሞን ወደ ፒቱታሪ ልኮ «በቃ፣ ቀንሱ» ይላል። ሞግዚት ነው፤ ለዚያውም ጥብቅ ሞግዚት።

ጥብቅነቱ ጂዲኤንኤፍ በሚባለው ፕሮቲን ላይ በደንብ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2000 በአይጦች ላይ የተሠራ ጥናት ነበር። ፕሮቲኑ ሲያንስ የስፐርም ግንድ ሴሎች (ራሳቸውን እየተኩ ስፐርም የሚያስገኙት መነሻ ሴሎች) እያለቁ ሄዱ። ሲበዛ ደግሞ ግንድ ሴሎቹ ተከማቹ እንጂ ወደ ስፐርምነት አላደጉም። ልኩ ካልተጠበቀ በሁለቱም በኩል ኪሳራ ነው።

«እደጉ» የሚለው ትእዛዝ የሚመጣው ከቫይታሚን ኤ ከሚሠራው ሬቲኖይክ አሲድ ነው። ቫይታሚን ኤ የተነፈጉ አይጦች ስፐርም መሥራት ያቆማሉ፤ ሴሎቹ መጀመሪያው ደረጃ ላይ ቆመው ይቀራሉ። ቫይታሚኑ ሲመለስላቸው ሁሉም ባንዴ ይነሳሉ።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ አንድ የማይረሳኝ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ አሜሪካ፣ ኦሪገን ውስጥ ዊን 18,446 የሚባል መድኃኒት በእስረኞች ላይ ተሞከረ። ስፐርማቸው ጠፋ። መድኃኒቱን ሲያቆሙ ተመለሰ። የወንዶች የእርግዝና መከላከያ ተገኘ ተባለ። ከእስር ቤት ውጭ ሲሞከር ግን ነገሩ ተበላሸ፤ መድኃኒቱን ወስዶ አልኮል የጠጣ ሰው ታመመ። መድኃኒቱ ሬቲኖይክ አሲድ የሚሠራውን ኢንዛይም ያግዳል። አልኮልን ከሰውነት ለማስወገድ የሚረዳው ኢንዛይም ደግሞ የዚያው ቤተሰብ ነው። እስር ቤት ውስጥ መጠጥ ስለሌለ መጀመሪያ ማን ያውቃል? (እስረኛ በነፃነት «እሺ» ሊል ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ እስከዛሬ ይከነክነኛል።)

ታዳጊዎቹ ሴሎችም እርስ በርሳቸው ይገናኛሉ። ሲከፋፈሉ ሙሉ በሙሉ አይለያዩም፤ በቀጭን ድልድይ እንደተያያዙ ያድጋሉ። ኤክስ ክሮሞዞም ያልደረሰው፣ ዋይ የያዘው ሴል ከኤክስ የሚሠራውን ነገር ከወንድሞቹ በድልድዩ ያገኛል። ስለዚህ የሞቲቬሽን ተናጋሪዎች «ከሚሊዮኖች ብቻህን ሮጠህ ያሸነፍክ ነህ» ሲሉ ፈገግ እላለሁ። ብቻውን ያደገ ስፐርም የለም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ጂም ውስጥ ቴስቶስትሮን የሚወጉ ወጣቶች እየመጡ ነው። ትከሻቸው ሰፊ ነው፣ ናሙናቸው ባዶ። «ስፖርተኛ ነኝ እኮ፣ እኔ ምን ይኖርብኛል?» ይላሉ። ያለው ነገር እንዲህ ነው። ፒቱታሪ በደም ውስጥ ብዙ ቴስቶስትሮን ሲያይ ኤልኤች የተባለውን ሌላ ሆርሞኑንና ኤፍኤስኤችን መላክ ያቆማል። ኤልኤች ከሌለ ዘር ፍሬ ውስጥ ያሉት ላይዲግ ሴሎች የራሳቸውን ቴስቶስትሮን አይሠሩም። ዘር ፍሬ ውስጥ የሚፈለገው መጠን ደግሞ ደም ውስጥ ካለው እጅግ ይበልጣል፤ መርፌው አይተካውም። ደሙ ሞልቶ ዘር ፍሬው ይደርቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው ጥናት በየሳምንቱ 200 ሚሊ ግራም ቴስቶስትሮን ከተወጉት ጤነኛ ወንዶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በ6 ወር ውስጥ ስፐርም አልተገኘባቸውም። ጥናቱ የተሠራው መርፌው ለእርግዝና መከላከያ ይሆን እንደሆነ ለማየት ነበር! የኛ ልጆች ወንድነት ብለው ይወጉታል።

ሚስቶቹ ከነሱ ቀድመው ተመርምረዋል። ደም፣ አልትራሳውንድ፣ ጸበል፣ የአማት ሽሙጥ፣ ሁሉንም አልፈዋል። ባል የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱም ተለምኖ። በጣም ርካሹና ቀላሉ ምርመራ የሱ ሆኖ ሳለ!

መርፌውን ያቆሙት ደግሞ በወሩ ናሙና ይዘው ይመጣሉ። አሁንም ባዶ ሲሆን ፊታቸው ይጠቁራል። ወንድሜ፣ ገና ነው እላለሁ። አንድ ስፐርም ተሠርቶ እስኪያልቅ ወደ 74 ቀን ይፈጃል። ከዚያ በኋላ በመተላለፊያው ቱቦ ውስጥ የሚበስልበት ጊዜ አለ። ያውም ሰዓቱ የሚጀምረው ፒቱታሪ እንደገና ሲነቃ ነው። ብዙዎቹ በወራት ይመለስላቸዋል፤ አንዳንዱ ከዓመት በላይ ይጠብቃል። ሐኪሙን አማክርና ከ3 ወር በኋላ ተመለስ፣ እስከዚያ ግን ሚስትህን ሌላ ምርመራ አታዙራት እላለሁ።