31ኛ የወጣው ጎበዝ

ባለፈው ሳምንት ካርድ ልቀበል ሄጄ የእኔው ጉድ ከ54 ተማሪ 31ኛ ወጥቶ አገኘሁት። ይሄ ልጅ እኮ ገና በአራት ዓመቱ ከፒያሳ አራት ኪሎ በታክሲ ስንሄድ የሱቁን ታፔላ ሁሉ ጮክ ብሎ እያነበበ ተሳፋሪውን ያስቅ ነበር።

መምህሩ «ልጁ ይችላል፣ ግን ፈዛዛ ነው» አሉኝ። ደሜ ፈላ። ቤት ገብቼ የሒሳብ ደብተሩን ገለጥኩት። የ48 ሦስት አራተኛ ስንት ነው? 36 ብሏል፣ ልክ ነው። ከ3 ማርክ ያገኘው ግን 1 ነው፣ ጎኑ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «አሠራሩስ?» ተብሏል። ለምን አልጻፍክም ስለው «እማዬ፣ ታየኝ እኮ!» አለኝ።

መምህሩ ላይ መፍረድ ቀላል ነው። 54 ልጅ ይዞ ማን ማንን ያያል? ደብተሩን ወደ ኋላ ሳገላብጥ ግን ሌላ ነገር አየሁ። በጭንቅላቱ የማይታየው ጥያቄ ሲመጣ ገጹ ባዶ ነው። አልሞከረውም። እስከ ዛሬ ሁሉም ነገር ሳይለፋ ስለመጣለት መልፋትን አልለመደም፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ጭንቅላቱ ኮምፒውተር ነው» እያልኩ ያሞካሸሁት ደግሞ እኔው ነኝ፣ ስለዚህ ተሳስቶ ከሚታይ ባይነካው ይመርጣል።

ፈተናውም ቢሆን ሁሉን አያይም። እንደ ፈረንጆቹ በ1921 ሉዊስ ተርማን የሚባል የስታንፎርድ ሳይኮሎጂስት ባለ ልዩ ተሰጥኦ ልጆችን በአይኪው (የማሰብ ችሎታ መለኪያ) ፈተና እየለየ ከ1,500 በላይ መዘገበ። ተፈትነው ነጥቡ ካልሞላላቸው መካከል ሁለት ልጆች ነበሩ፣ ዊሊያም ሾክሊና ሉዊስ አልቫሬዝ። በኋላ ሁለቱም በፊዚክስ ኖቤል ወሰዱ፣ አንዱ በ1956፣ ሌላው በ1968። ከተመረጡት ግን አንድም ኖቤል ያገኘ የለም። (የእኔ ልጅ ኖቤል ይወስዳል እያልኩ አይደለም፣ መጀመሪያ አሠራሩን ይጻፍልኝ።)

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ይዤው እሄዳለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ እሰጠዋለሁ፣ ወዲያው የማይመጣለትን። ያለፈው ቅዳሜ፦ ከ1 እስከ 100 ስንጽፍ 7 ቁጥርን ስንት ጊዜ እንጽፋታለን? ከአፌ ነጥቆ «10!» አለ። አይደለም አልኩት። ፊቱ ቅጭም አለ፣ እርሳሱን ወረወረ፣ ትንሽ ቆይቶ አነሳው። 40 ደቂቃ ሲጽፍ ሲያጠፋ ላጲሱ ወረቀቱን በሳው። ልንገርህ ስለው ተቆጣኝ።

እስከ ትናንት ማታ 19 ላይ ነበር።