ዱቄት በሳይክል፣ ከገበያ እስከ አባይ ማዶ

ቤቴ አባይ ማዶ ነው። ሥራዬ መሃል ባሕር ዳር። መኪና የለንም። በየቀኑ ለባጃጅ የማወጣው ብር ሲያማርረኝ ሳይክል ገዛሁ። ይኸው አራት ዓመት አለፈኝ።

ባሕር ዳር ሜዳ ናት። ተማሪውም ሽማግሌውም ይነዳል፤ የሴት ሳይክል መንዳትም እዚህ ብርቅ አይደለም። ስለዚህ መንዳቱ አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ጭነቱ ነው።

መጀመሪያ አካባቢ አንድ ቀን ቅዳሜ ገበያ 25 ኪሎ ጤፍ ገዛሁ። እዚያው አስፈጨሁና በአንድ ማዳበሪያ አድርጌ ከኋላ አቁሜ በገመድ ጠፈርኩት። አጥብቄ ነው ያሰርኩት። ያላወቅኩት ነገር ቢኖር የዱቄትን ጠባይ ነው። ከወፍጮ እንደወጣ ትኩስ ነው፣ አየር ይዞ ያብጣል። መንገድ ላይ ሲንገጫገጭ ይጠቀጠቃል፤ ያን ጊዜ የጠበቀው ገመድ ይላላል።

አሮጌው ድልድይ ላይ ስደርስ ከሰዓት በኋላ ነበር። ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ በግራ ጎኔ መታኝ። ማዳበሪያው ወደ ቀኝ አዘመመ። ክብደቱ ሁሉ ከኋላ ስለነበር መሪው እጄ ላይ ቀለለ፤ አልታዘዝ አለኝ። ወደቅኩ። ማዳበሪያው ተቀደደና ዱቄቱ አስፋልቱ ላይ ተዘረገፈ። የወር እንጀራችን ነው፤ አለቀስኩ። ሁለት ወጣቶች ሳይክሉን አነሱልኝ። አንዲት እናት ነጠላቸውን ዘርግተው ከላይ ከላዩን፣ ንጹሑን አፈሱልኝ። እግዜር ይስጣቸው፤ እስከዛሬ አልረሳቸውም።

በማግስቱ የሰፈራችን ጎሚስታ ጎማውን እያዩ፣ «እታለም፣ አህያ ሲጫን አላየሽም? ግራና ቀኙ እኩል ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ብየዳ ቤት ሄጄ ከኋላ ቸርኬ በግራና በቀኝ የብረት ክፈፍ አሠራሁ። አሁን ዱቄቱን ለሁለት ማዳበሪያ እከፍለዋለሁ፤ ዝቅ ብሎ በሁለቱም ጎን ይንጠለጠላል። ገመዱንም ተውኩት። ከአሮጌ የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ወጥሬ አስራለሁ፤ ዱቄቱ ሲጠቀጠቅ ላስቲኩ አብሮ ይሰበሰባል እንጂ አይላላም። እንዲያም ሆኖ ትንሽ እንደሄድኩ ወርጄ አንዴ እነካካዋለሁ። ጭነት ባለበት ቀን የኋላ ጎማውን ጠንከር አድርጌ አስነፋለሁ።

ድልድዩም ተቀየረልን። ግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፤ የእግረኛና የሳይክል መሄጃ አለው። በአሮጌው ጠባብ ድልድይ ከኋላዬ የጭነት መኪና ጥሩንባ ሲነፋ ልቤ ትመታ ነበር። ያ ቀረልኝ። ነፋሱ ግን ያው ነው። ስለዚህ ከቻልኩ ገበያ የምሄደው ጠዋት ነው፣ ሐይቁ ጸጥ ባለበት ሰዓት።

ልጄን ከኋላ አስቀምጬ ትምህርት ቤት ማድረስ ሌላው ፈተና ነበር። አንድ ቀን ጫማዋ ከቸርኬው ሽቦ መሃል ገባ። ጫማው ተቀደደ፣ እግሯ ተረፈ። ያን ዕለት ወደ ሥራ አልገባሁም፤ በቀጥታ ወደዚያው ብየዳ ቤት ሄድኩ። የእግር ማሳረፊያና ቸርኬውን የሚሸፍን ቆርቆሮ አሠራሁላት። ልጅ የምትጭኑ ሁሉ፣ እባካችሁ ይህን ሳታሠሩ አትጫኑ። የእኔንም ነጠላ ካቴናው እንዳይጎትተው ጫፉን ወገቤ ላይ እቋጥረዋለሁ።

ክረምት ላይ ፍሬን ሲርስ ቶሎ አይዝም፤ ቀደም ብዬ መያዝ እጀምራለሁ። ፓራፋንጎ የሌለው ሳይክል ጀርባችሁን ጭቃ በጭቃ ያደርገዋል። ዝናብ የመታውን ካቴና ማታውኑ በጨርቅ ጠርጌ ዘይት ጠብ አደርግበታለሁ፤ ካደረ ይዝጋል።

ሌሊት ሰው ሲታመም ግን በሳይክል አይሆንም። ለዚያ ከወር ደሞዜ ትንሽ እለያለሁ፤ የሰፈራችን የባጃጅ ሹፌር ስልክም ግድግዳ ላይ ተጽፏል።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ሜትር ይዛ መጣች። የክፈፉን ቁመትና ስፋት ለክታ፣ ወረቀት ላይ ጽፋ ሄደች።