ከባሕር ዳር ጎንደር ደርሶ መልስ፦ ፋሲል ግቢን በነገሥታቱ ተራ ማየት

ከባሕር ዳር ጎንደር ያለው መንገድ 180 ኪሎ ሜትር ያህል በመሆኑ፣ ማልዶ ለተነሳ ሰው ደርሶ መልሱ በአንድ ቀን ይሆናል። የሚያስቸግረው ርቀቱ ሳይሆን ከደረሱ በኋላ ያለው ጥድፊያ ነው። አብዛኛው ተጓዥ ፋሲል ግቢን፣ የአፄ ፋሲል መዋኛን፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴንና ቁስቋምን በጥቂት ሰዓታት ለማዳረስ ስለሚሮጥ፣ ማታ ሲመለስ በስልኩ ካነሳቸው ፎቶግራፎች በስተቀር የትኛው ግንብ የማን እንደሆነ መለየት ያቅተዋል። እናቴን ይዤ ስሄድ ይህ እንዳይደርስብን ስለፈለግሁ፣ ከቀኑ አብዛኛውን ለአንዱ ግቢ ሰጥተን ግንቦቹን በነገሥታቱ ተራ አየናቸው። ለሚጠይቀኝም ሁሉ ይህንኑ እመክራለሁ።

የመንገዱን ሁኔታ በዋዜማው አጣርተን ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ተነሳን። ዓባይን ተሻግሮ ብዙም ሳይቆይ የፎገራ ሜዳ ይጀምራል፤ ጉማራና ርብ የሚያጠጡት፣ ሩዝ የሚበቅልበትና በከብቶቹ የታወቀ ለጥ ያለ መሬት ነው። ወረታንና አዲስ ዘመንን ካለፍን በኋላ መንገዱ ሽቅብ ወጣ፤ እንፍራዝ አካባቢ ስንደርስም የጉዛራ ግንብ ከኮረብታው ላይ ሆኖ ታየን። ይህን ግንብ ያሠሩት ከ1563 እስከ 1597 እ.ኤ.አ. የነገሡት አፄ ሠርጸ ድንግል ስለሆኑ፣ ዕድሜው ከጎንደር ከተማ ይበልጣል። የጎንደር ግንቦች ቀዳሚ ሳይኖራቸው በድንገት የተነሡ፣ ወይም አንድ እንግዳ መጥቶ ያቆማቸው የሚመስለው ሰው ካለ፣ ወደ ጎንደር ሲያልፍ ጉዛራን ቀና ብሎ እንዲያይ እለምነዋለሁ።

ከማክሰኝትና ከአዘዞ በኋላ ጎንደር ስንገባ ሦስት ሰዓት አልፎ ነበር። አፄ ፋሲል ከተማዋን የቆረቆሯት በ1636 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የነገሥታቱ ከተማ በአመዛኙ ድንኳን ስለነበር፣ ንጉሡ ሲነሳ ከተማውም አብሮት ይነሳ ነበር። እዚህ ግን መንግሥት በድንጋይና በኖራ ተተከለ። 900 ሜትር ርዝመት ያለው ቅጥር የከበበውን ይህን ግቢ ዩኔስኮ በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የአፄ ፋሲል ግንብ በአራቱ ማዕዘን የቆሙ፣ ጉልላት የደፉ ክብ ማማዎች አሉት፤ ግድግዳው ጠቆር ያለ ድንጋይ ሲሆን የበሮቹና የመስኮቶቹ ቅስት በቀላ ያለ ድንጋይ የተዋበ ነው። ከደረጃው ስንወርድ ወጣቱ አስጎብኚ ለእናቴ እጁን ዘርግቶ «ቀስ ይበሉ እማማ፣ ድንጋዩ ሙልጭልጭ ብሏል» አላት። እርሷም «አይዞህ ልጄ፣ ዳገትና ቁልቁለት ያሳደገኝ ነኝ» ብላ እጁን ያዘች። እውነትም የደረጃው ጠርዝ ብዙ እግር ስለረገጠው መሐሉ ሰርጎድ ብሎ ነበር።

የግቢው ትልቅ ትምህርት የሚገኘው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ተከታዮቹ ነገሥታት የአባታቸውን ቤት ሳያፈርሱ በአጠገቡ የየራሳቸውን አሠሩ። የአፄ ፋሲል ልጅ ጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍቱን ትቶልናል። የዮሐንስ ልጅ አድያም ሰገድ ኢያሱ ጣሪያው እንደ ኮርቻ የጎበጠውን ግንብ አሠራ፤ ውስጡ በዝሆን ጥርስና በመስተዋት ያጌጠ እንደነበር ይነገራል። የአፄ ዳዊት የዜማ አዳራሽ፣ የአፄ በካፋ የግብር አዳራሽና የባለቤታቸው የእቴጌ ምንትዋብ ግንብም ተራቸውን ጠብቀው ይመጣሉ። በዚህ ተራ ለሄደ ሰው ግቢው መቶ ዓመት ያህል የተዘረጋ የትውልድ ሐረግ ይሆንለታል። ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለሉ ሲያዩት ግን ሁሉም «የፋሲል ግንብ» ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ይህ ደግሞ በተለይ በእቴጌ ምንትዋብ ላይ የሚፈጸም በደል ይመስለኛል።

በኢያሱ ግንብ ላይ ብዙ ቆየን። ጣሊያን ጎንደርን ይዞ ግቢውን ማዘዣው አድርጎት ስለነበር፣ በ1941 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ደበደቡት፤ የጣሊያን ጦር ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን ሲሰጥ የኢያሱ ቤት ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። ዛሬ ጣሪያ በሌለው ክፍል ቆሞ ወደ ላይ ለሚያይ ሰው የሚታየው ሰማይ ነው። የጉዳቱ ሁሉ ምክንያት ግን ቦምብ አይደለም። በወረራው ዘመን በሲሚንቶና በብረት የተደረገው ጥገና ለአሮጌው ግንብ የማይስማማ ነበር፤ ኖራ እርጥበት ሲያስተነፍስ ሲሚንቶ ያፍነዋል፣ የታፈነው ውኃም ድንጋዩን ከውስጥ ይበላዋል። ኋላ ላይ በተደረጉት ጥገናዎች ወደ ኖራ መመለሱ ትክክል ነበር። የጥገናውን ኖራ ቀረብ ብሎ ላየው ሰው፣ ከአሮጌው ነጣ ያለና ጠጠሩ የደቀቀ መሆኑ ይለያል። እንዲህ መለየቱንም ወድጄዋለሁ፤ የዛሬው እጅ የዛሬ መሆኑን አይደብቅም።

ከሰዓት በኋላ በባጃጅ ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄድን፤ ይህ የእናቴ ስእለት ስለነበር የሚቀር አልነበረም። ጫማችንን አውልቀን ስንገባ ከጣሪያው የኪሩቤል ፊቶች ተደርድረው ቁልቁል ያያሉ፤ ሁሉም ትልልቅ ዓይን ቢኖራቸውም የአንዱ እይታ ከሌላው ጥቂት ዘንበል ይላል። በጥር 1880 ዓ.ም. የሱዳን ደርቡሽ ጦር ጎንደርን ሲያቃጥል ከተረፉት ጥቂት አብያተ ክርስቲያናት አንዷ ይህች ናት። የጎንደር ሰው ያተረፏት ከግቢዋ የወጡ ንቦች ናቸው ይላል፤ እናቴም ይህን ስትሰማ ሦስት ጊዜ አማተበች።

የአፄ ፋሲል መዋኛን በዚህ ጉዞ አላየነውም። ውኃ የሚሞላው ለጥምቀት በመሆኑ፣ ጥር 11 ቀን ሕዝቡ በቅጥሩ ዙሪያ ቆሞ በሚዘምርበት ጊዜ ቢያዩት ይሻላል፤ ለዚያ ደግሞ ጎንደር ማደር የግድ ነው። ለደርሶ መልስ ግን ፋሲል ግቢና አንድ ቤተ ክርስቲያን ይበቃል። ከጎንደር ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተነሳ ሰው፣ መንገድ ካልዘጋበት፣ ሳይመሽ ባሕር ዳር ይገባል።