ማዲሰን ላይ ወደ ግራ፦ የሎውስቶንን በአንድ ቀን

አሜሪካ ባለው የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ዋናው መንገድ የስምንት ቁጥር ቅርጽ አለው፤ ርዝመቱም 229 ኪሎ ሜትር ነው። ካርታ ላይ ለአንድ ቀን ቀላል ይመስላል፤ ግን አይደለም። የፍጥነት ወሰኑ በአብዛኛው በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ነው፤ የባይሰን (የዱር በሬ) መንጋ አስፋልቱን ከያዘ ደግሞ እስኪለቅ መጠበቅ ግድ ነው። አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው የታችኛውን ቀለበት ይዙር፤ 154 ኪሎ ሜትር ነው።

መነሻው ዌስት የሎውስቶን ከተማ ይሁን፤ ሰዓቱም በሀገር ቤት አቆጣጠር ንጋት 12። ነዳጅ እዚያው ይሞላል፤ ፓርኩ ውስጥ ኔትወርክ በብዙ ቦታ ስለማይኖር ካርታው አስቀድሞ ስልክ ላይ ይወርዳል። ማለዳው በበጋም ይበርዳል፤ ጃኬት አይረሳ።

ከበሩ 22 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ማዲሰን መገንጠያ ይደረሳል። አብዛኛው ጎብኚ ወደ ቀኝ ታጥፎ ወደ ኦልድ ፌዝፉል፣ ማለትም በየጊዜው እየፈነዳ ፍል ውሃ ወደ ላይ ወደሚወረውረው ጋይዘር፣ ይሮጣል። ወደ ግራ መታጠፍ ይሻላል፤ ምክንያቱ እንፋሎት ነው። በማለዳ ብርድ ከፍል ውሃ የሚወጣው እንፋሎት ስለሚወፍር በዚያው በቀኝ በኩል ያለውን የግራንድ ፕሪዝማቲክ ፍል ውሃ ኩሬ ቀለም ይሸፍነዋል። በግራ በኩል ያለው የኖሪስ ፍል ውሃ ሜዳ ግን በዚያው እንፋሎት ያምራል፤ መኪና ማቆሚያውም ገና ባዶ ነው። እዚያ ያለው ስቲምቦት በዓለም ካሉት ንቁ ጋይዘሮች ሁሉ ረጅሙን ውሃ የሚወረውር ቢሆንም መቼ እንደሚፈነዳ ስለማይታወቅ እሱን መጠበቅ ቀኑን መብላት ነው።

ከዚያ ካንየን ወደሚባለው የወንዝ ገደል፤ 94 ሜትር የሚወርደውን ፏፏቴ ከአርቲስት ፖይንት ማየት ይበቃል። በሄይደን ሸለቆ ባይሰን አይታጣም፤ ከመኪና የወረደ ሰው ቢያንስ 23 ሜትር ይራቅ። ዌስት ተምብ ላይ ፍል ውሃው የሎውስቶን ሐይቅ ዳር ድረስ ይወጣል፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል።

ኦልድ ፌዝፉል ሲደረስ መጀመሪያ የሚታየው የጎብኚዎች ማዕከሉ ሰሌዳ ነው። የሚቀጥለው ፍንዳታ ሰዓት ይለጠፋል፤ 10 ደቂቃ ሊቀድም ወይም ሊዘገይ ይችላል። ስሌቱም ቀላል ነው፦ ያለፈው ፍንዳታ አጭር ከነበረ ከሥር የቀረው ሙቅ ውሃ ብዙ ስለሆነ ቀጣዩ በአንድ ሰዓት ገደማ ይመጣል፤ ረጅም ከነበረ ግን አንድ ሰዓት ተኩል ያስጠብቃል።

ግራንድ ፕሪዝማቲክ የመጨረሻው ነው። ከእንጨቱ መተላለፊያ ላይ ሆኖ የሚታየው ጠርዙ ብቻ ነው፤ ስፋቱ ከ100 ሜትር ይበልጣልና ሙሉ ቅርጹ የሚገለጠው ከፍ ካለ ቦታ ነው። ስለዚህ ኩሬው ካለበት ከሚድዌይ ትንሽ ቀድሞ ባለው የፌሪ ፎልስ ማቆሚያ መኪናውን አቁሞ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል በእግር መውጣት ያዋጣል። መሐሉ ሰማያዊ የሆነው ሙቀቱ ባክቴሪያዎቹን ስለማያኖር ነው፤ ቢጫውና ብርቱካናማው ውሃው በሚበርድበት ዳርቻ የሚኖሩት ናቸው።

ከመተላለፊያው ግን ፈጽሞ አይወረድም፤ ልጆችም እጃቸው ይያዝ። ጠንካራ መሬት የሚመስለው ስስ ቅርፊት ሊሆን ይችላል፤ ከሥሩ ያለው ውሃ ይቀቅላል፤ በዚህ ተቃጥለው የሞቱ ሰዎች ከ20 በላይ ናቸው።