የእናቴ ጭቃ ቤት እድሳት፦ እስካሁን የደረስንበት

የእናቴ ቤት ደብረ ብርሃን ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ሁለት ክፍልና ማድ ቤት። ከመስቀል በኋላ፣ ዝናቡ ቆም ሲል እድሳቱን ጀመርን። ሠራተኛ አልቀጠርንም። እኔና ታናሽ ወንድሜ ቅዳሜና እሁድ እየሄድን ነው የምንሠራው። ብዙዎቻችሁ የቤተሰብ ጭቃ ቤት ስላላችሁ ያየነውን ሁሉ ልንገራችሁ።

የፊት ለፊቱ ግድግዳ ከዓመታት በፊት በሲሚንቶ ተለስኖ ነበር። አሁን ስታንኳኩት ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ወንድሜ በመዶሻ ነካ ሲያደርገው ልስኑ በቁሙ ተገንጥሎ ወረደ፤ ከኋላው ያለው ጭቃ እርጥብ ነው፣ በእጅ ይዛቃል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጭቃ እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ይተፋል፣ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ሲሚንቶ ግን አብሮት አይንቀሳቀስም፣ በስንጥቁ የገባውንም ውሃ መውጫ ይከለክለዋል። ከውጭ ያማረ ቤት ውስጥ ለውስጥ ያልቃል። ለዚህ ነው ጭቃ ቤትን በሲሚንቶ ለስኑት የሚለውን ምክር አጥብቄ የምቃወመው። የሲሚንቶ ዋጋ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ልስኑ ሲነሳ የማዕዘኑ ቋሚ ግርጌው በስብሶ አገኘነው። አጠገቡ ያሉት ግን ምንም አልሆኑም። እናቴን ስንጠይቃት ቤቱ ሲሠራ የቆሙት ጽድ እንደነበሩ፣ ይሄኛው ግን ኋላ የተተካ ባሕር ዛፍ መሆኑን ነገረችን። ጣሪያውን በእንጨት ደግፈን አወጣነው። ጽድ ስላላገኘን የተካነውም ባሕር ዛፍ ነው፤ ግርጌውን የተቃጠለ ዘይት ደጋግመን ቀባነውና አፈር ሳይነካው ድንጋይ ላይ አቆምነው። ቅዳሜያችን በዚህ አለቀ። ግን ድጋፉን ስናነሳ ጣሪያው ፍንክች አላለም፣ ያን ማታ በደስታ ነው የተኛነው።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ምርጊት ልንገባ ስንል እናቴ «ውሃው ከየት እንደሚመጣ ሳታዩ?» አለች። ልክ ነበረች። ጣሪያ ላይ ስንወጣ ሚስማሮቹ ላልተዋል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ከተማ ነው፣ ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሌሊት ብርዱ አጥንት ይገባል። ቆርቆሮው ቀን ይለጠጣል፣ ማታ ይሰበሰባል፣ ሚስማሩም ቀስ በቀስ ይላላል። የላሉትን ነቅለን ጎማ ባለው የቆርቆሮ ሚስማር ተካን፤ ሚስማሩ የሚመታው ጉብታው ላይ ነው፣ ውሃ በሚወርድበት ሸለቆ ላይ ከሆነ ማፍሰሱ አይቀርም። አሸንዳም ሰቀልን። ጥቅምት ላይ ያልታሰበ ዝናብ መጣና ሌሊቱን ሙሉ ወረደ። እናቴ ባልዲ አላወጣችም! በዚህ ሥራ እስካሁን እንደዚህ ያስደሰተኝ ነገር የለም።

ወደ ጭቃው ልመለስ። አፈሩን ነፍተን፣ ለመጀመሪያው ምርጊት የገብስ ገለባ፣ ለላይኛው ልስን ቀጭኑን የጤፍ ጭድ ቀላቅለን፣ በእግር ረግጠን አቦካን። አንድ የሰፈር ሽማግሌ በየጊዜው እየመጡ ያዩልናል። «ገና ነው ልጄ፣ ሽታው ሳይለወጥ እንዳትነካው» አሉኝ። እውነትም ጭዱ በደንብ ሲርስና ሲለሰልስ ጭቃው ይያያዛል፣ እጅ ላይም ይሳሳባል። ትንሽ ቦታ ላይ መርገን አደረቅነው፤ አልተሰነጠቀም። ከመምረጋችን በፊት የድሮውን ግድግዳ በውሃ እናርሳለን፣ ደረቅ ግድግዳ የአዲሱን ጭቃ ውሃ ወዲያው መጥጦ ስለሚያስለቅቀው።

ኅዳር ሲገባ ግን ውርጭ መጣ። የውጩን ልስን ጨርሰን አድረን ስናየው ፊቱ ዱቄት ሆኗል። በጭቃው ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሲሆን ይሰፋና ልስኑን ያፈርሰዋል። ያን ቀን ወንድሜ መናገር አቃተው፤ የስንት ሰዓት ልፋት ነው። ሁሉንም ፍቀን እንደገና ጀመርን። አሁን የምንሠራው ፀሐይ ሞቅ ሲል ነው፣ ስስ አድርገን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ የውጭ ግድግዳ አንነካም፣ ማታም በሸራ እንሸፍነዋለን። በዚህ መልኩ የሠራነው ጎን ይዟል። ሲደርቅ ኖራ እንቀባዋለን።

የቀረን የግድግዳው ግርጌ ነው፣ ከመሬት እስከ ጉልበት ያለው። አሸንዳ ቢኖርም ክረምት ላይ ዝናቡ ከመሬት እየነጠረ ይመታዋል። ዙሪያውን ድንጋይ ልንደረድርበት አስበናል። የሠራችሁት ካላችሁ ንገሩኝ፦ ድንጋዩን ያያያዛችሁት በጭቃ ነው በኖራ? ከግድግዳውስ ጋር አጣብቃችሁት ነው ወይስ ክፍተት ተዋችሁለት?