ክሊሩን በቤንዚን ፈትሼው ነበር

ባሕር ዳር አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ማለስለሱ፣ ቀለሙና ክሊሩ፣ ማለትም የእንጨቱን መልክ የማይሸፍነው ብርሃን አሳላፊ ቅብ፣ የእኔ ድርሻ ነው። አንድ ቀን ጡረታ የወጡ መምህር ክንድ የምታህል ጀልባ ይዘው መጡ። ከዋንዛ በእጃቸው የጠረቧት ናት፤ ውጭ አገር ያለ ልጃቸው የላከላቸውን ትንሽ ሞተር ገጥመውላታል። «ልጄ፣ የእንጨቱ መልክ እንዳይጠፋ ክሊር ብቻ ቀባልኝ። ነዳጅ ይፈስባታልና ጠንካራ ይሁን» አሉኝ።

ነዳጅ ሲሉኝ ቤንዚን ነው የመጣብኝ። ለቁም ሣጥን የምንረጨውን የናይትሮ ክሊር ቁራጭ ዋንዛ ላይ ቀባሁ፣ ሲደርቅ ቤንዚን በነካ ጨርቅ አሸሁት። ምንም አልሆነም። ጀልባዋን አምስት እጅ ረጨኋት፣ እንጨቱ የማር መልክ አወጣ፣ ጋሼም ደስ ብሏቸው ሄዱ።

በሳምንቱ ተመለሱ። አለመቆጣታቸው ነው ይበልጥ የከበደኝ። ጠዋት ንፋስ ሳይነሳ ጣና ላይ ሁለት ጊዜ ነድተዋታል። በጭስ ማውጫው በኩል ያለው ክሊር ሙጫ ሆኖ ጣት ላይ ይለጠፋል፣ ከሥሩ ያለው እንጨት ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል። «ጋሼ፣ ምን ዓይነት ቤንዚን ነው?» ስላቸው «ቤንዚን ማን አለህ?» ብለው ጠርሙሱን አወጡ። ሜታኖል፣ ናይትሮሜቴንና የጉሎ ዘይት። ሞተሩ በብልጭታ ሳይሆን በጋለ ሽቦ ነው የሚያቀጣጥለው፣ የሚጠጣውም ይህንን ነው። ቤንዚን የማይነካው የናይትሮ ክሊር በዚህ ድብልቅ ይሟሟል።

ጋራዥ ውስጥ መኪና የሚቀባ ጓደኛዬ ጋ ሄድኩ። «የእናንተ ክሊር የሚደርቀው ቲነሩ ሲተን ብቻ ነው፤ የሚያሟሟው ሲመጣ ተመልሶ ይሟሟል። ሃርድነር የሚባል ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበት ፖሊዩሬቴን ክሊር ግን አንዴ ከተያያዘ ወደ ኋላ አይመለስም» አለኝ። አሁን ግን በቃል አላመንኩም። ከጋሼ ነዳጅ ትንሽ ለመንኩ፣ ሦስት የዋንዛ ቁራጭ ቀባሁ፤ አንዱን በናይትሮ፣ አንዱን በኢፖክሲ፣ አንዱን በፖሊዩሬቴን። በደንብ ከጠነከሩ በኋላ ነዳጅ የጠጣ ጥጥ አስቀምጬ፣ ሜታኖሉ እንዳይተን ብርጭቆ ደፋሁበት። ከአንድ ሰዓት በኋላ በጥፍሬ ጫርኩ። ናይትሮው ተላጠ። ኢፖክሲው ቻለ፣ ግን ፀሐይ ቢጫ ያደርገዋል፤ ባሕር ዳር ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ላይ ናት፣ ፀሐይዋ ቀላል አይደለችም። ፖሊዩሬቴኑ ላይ ምልክት እንኳ አልቀረም።

አሮጌው ክሊር ላይ ብረጭበት አዲሱ ቲነር ያጨማድደዋል፣ ስለዚህ ሁሉንም ላጥኩት። የበዛው ድካም ዘይቱ ላይ ነበር። ዘይት በቀረበት ቦታ ክሊር አይዝም፤ በቲነር ደጋግሜ እያጠብኩ፣ በብርጭቆ ወረቀት እየፋቅኩ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። በፊት የዘለልኩትን የሞተሩን ሣጥን ውስጡንም፣ የብሎኑን ቀዳዳዎች ሳይቀር ቀባሁ፤ ነዳጁ የሚሰርገው በዚያ ነውና። ስትረጩ እባካችሁ ተጠንቀቁ፦ ሃርድነሩ ውስጥ ያለው አይሶሲያኔት ሳንባ ይጎዳል፣ የጨርቅ ማስክ አያቆመውም። እኔ ጓደኛዬ ጋራዥ ውስጥ፣ እሱ የሚረጭበትን ባለ ማጣሪያ ማስክ አድርጌ ነው የረጨሁት።

በማግስቱ ሲነኩት ደረቅ ነው። ጋሼ በሦስተኛው ቀን መጡ፤ ውስጡ ገና ነው ብዬ አልሰጠኋቸውም። ሳምንት ሲሞላው አብረን ጣና ዳር ወረድን። ሞተሩ ነዳጁን እስኪጨርስ ነዷት፣ ጭስ ማውጫውን በጨርቅ ጠረጉት፣ ከዚያ ጥፍራቸውን ጫን አድርገው ሳቡበት።

«በል፣ ሣጥኑን ደግሞ ክፈተውና እንየው» አሉኝ።